ገመናን መጠበቅ መዋሸት ነው? ስለ እውነተኛነትና ስለ ግል ሕይወት ወሰን ከይዘት ፈጣሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምግብ ዝግጅትና የቤት ውስጥ ሕይወት ቪዲዮዎችን መሥራት ከጀመርሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀማሪዎች የሚጠይቁኝ ስለ ካሜራ፣ ስለ መብራትና ስለ ኤዲቲንግ ነበር፤ አሁን ግን አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ «እስከ የት ድረስ ላሳይ?» ብለው ነው። ጥያቄው ከአዲስ አበባም፣ ከዋሽንግተን አካባቢም፣ በዓረብ አገር በሰው ቤት ከሚሠሩ እህቶችም ይመጣል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ከራሴ ልምድና ከማውቃቸው ሕጎች የተውጣጡ ናቸው። ክርክር ውስጥ የገባ ሰው ግን ጠበቃ ማማከር ይኖርበታል።

እውነተኛ ለመባል ሕይወቴን ሁሉ ማሳየት አለብኝ?

የለብዎትም። ተመልካች «ፌክ ናት» ብሎ የሚርቀው የተነገረው ነገር ሐሰት ሆኖ ሲያገኘው እንጂ ብዙ ነገር ስላልተነገረው አይደለም። የዶሮ ወጥ አሠራር የምታሳይ ሴት ሽንኩርቱን ሁለት ሰዓት እንዳቁላላች ከተናገረችና በእርግጥም ሁለት ሰዓት ካቁላላች፣ ስለ ትዳሯ አንድም ቃል ባትተነፍስ እውነተኛ ናት። ወጡን ሌላ ሰው ሠርቶላት በራሷ እጅ እንደ ሠራችው አድርጋ ያቀረበች ሴት ደግሞ፣ በዚያው ቪዲዮ ስለ ትዳሯ እያለቀሰች ብትናገርና እንባዋ ከልቧ ቢሆን እንኳ ተመልካቿን አታልላለች።

በቋንቋችን «ገመና» የሚባል ቃል አለ። ገመና የግድ ነውር ወይም ወንጀል አይደለም፤ የትኛውም ቤት ያለው፣ የቤቱ ሰው የሚያውቀውና የሚሸፍነው ነገር ነው። እንግዳ ሲመጣ የመኝታ ቤቱን በር የሚዘጋ ሰው እንግዳውን ዋሸው አይባልም። እንግዳውም ቢሆን ያ በር ለምን እንደ ተዘጋ አይጠይቅም። ብዙ ወጣት ይዘት ፈጣሪዎች ግን በር መዝጋትን እንደ ማስመሰል ስለሚቆጥሩት፣ ለእናታቸው ያልነገሩትን ነገር ለማያውቁት ሕዝብ ተናግረው ማታ እንቅልፍ ሲያጡ አይቻለሁ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ዝምታ ወደ ማስመሰል በሚሻገርበት ቦታ ላይ ነው። ከተለያዩ ወራት ያለፋቸው ባልና ሚስት ስለ መለያየታቸው ምንም ሳይናገሩ ቢቀሩ መብታቸው ነው። ነገር ግን ለቪዲዮው ሲሉ ብቻ አንድ ማዕድ ላይ ቀርበው እየተጎራረሱ «ትዳራችን እንዲህ የጸናው በዚህ ምክንያት ነው» እያሉ ምክር ከሰጡ፣ ምክሩን ሰምቶ በራሱ ትዳር ላይ ውሳኔ የሚወስን ሰው አለና ይህ ከገመና ጥበቃ አልፎ ማታለል ይሆናል።

ተመልካቾቼን «ቤተሰብ» እላቸዋለሁ። ታዲያ ከቤተሰብ ምን ይደበቃል?

«ሰብስክራይብ በማድረግ የቻናላችን ቤተሰብ ይሁኑ» የሚለው አባባል በአማርኛ ቻናሎች ላይ እጅግ የተለመደ ነው፤ እኔም ለዓመታት ብዬዋለሁ። አባባሉ የፍቅር ቢሆንም ቃሉ ራሱ ወሰናችንን እንደሚያጠፋው የገባኝ መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ ነው። አንዲት በዕድሜ ከእኔ ከፍ ያሉ ሴት መጥተው አቀፉኝና «እግርሽን ተሻለሽ ወይ ልጄ? ጸበል ስሄድ ስምሽን አነሣለሁ» አሉኝ። እግሬን እንዳመመኝ መናገሬን እኔ ረስቼው ነበር፤ እሳቸው ግን ወራት ሙሉ ሲያስቡልኝ ኖረዋል። ስማቸውን እንኳ አላውቅም። በዚያች ደቂቃ ያፈርሁት በእሳቸው ሳይሆን በራሴ ነው፤ ምክንያቱም አንዲትን ደግ ሰው ውለታዋን ልመልስላት በማልችልበት ቅርርብ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነበርሁ።

ይህን ዓይነቱን የአንድ ወገን ቅርርብ ሆርተንና ዎል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተሙት ጽሑፍ ገልጸውታል። እነርሱ የጻፉት ስለ ሬዲዮና ስለ ቴሌቪዥን ነው፤ አቅራቢው ካሜራውን ቀጥ ብሎ እያየ እንደ ጓደኛ ሲናገር፣ ተመልካቹ የሚያውቀው ሰው ያናገረው ያህል ይሰማዋል፣ አቅራቢው ግን ተመልካቹን አያውቀውም። በስልክ ላይ ደግሞ አቅራቢው ኮመንት ስለሚመልስና በላይቭ ስም እየጠራ ሰላምታ ስለሚሰጥ ስሜቱ ይበረታል። ስለዚህ ወደ ቤትዎ ሳይጠሩት የመጣ፣ ስልክዎን አፈላልጎ የደወለ ወይም «ለምን ሳትነግሪን ወለድሽ?» ብሎ የተቆጣ ተመልካች ሲያጋጥምዎ፣ እብሪተኛ ከማለትዎ በፊት «ቤተሰባችን» ያሉት ቃል እንደ ቃሉ ተወስዶ እንደሆነ ያስቡ። እኔ አሁን «ተመልካቾቻችን» እላለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀዝቃዛ መስሎ ቢታየኝም አንድም ሰው ቅር አላለውም።

ወሰኔን የት ላይ ላድርግ?

ይህን እኔ ልወስንልዎ አልችልም፤ መቼ መወሰን እንዳለበት ግን መናገር እችላለሁ። ካሜራው ከመከፈቱ በፊት፣ በወረቀት ላይ መሆን አለበት። ካሜራ ፊት፣ በተለይም በላይቭ ጊፍት (ተመልካች የሚልከው ስጦታ) እየወረደና ሰዉ «ቀጥይ፣ ቀጥይ» እያለ፣ ማንም ሰው ወሰኑን በትክክል አይመዝንም። ስለ ሃይማኖትዎ፣ ስለ ገቢዎ፣ ስለ ጤናዎ፣ ስለ ፍቅር ሕይወትዎና ስለ ወላጆችዎ እያንዳንዱን ለይተው «ይህን እናገራለሁ፣ ይህን አልናገርም» ብለው ይጻፉ። በየጊዜው መለወጥ ይችላሉ፤ የሚለወጠው ግን በጠዋት ቁጭ ብለው አስበውበት እንጂ በላይቭ መሀል አይሁን።

ሐዘንን በተመለከተ የራሴ ደንብ አለኝ። አባቴ ያረፉ ጊዜ አርባቸው ሳይወጣ ስለ እሳቸው አንድም ቃል አልቀረጽሁም። ከድንኳኑ ውስጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ብዙ ተመልካች እንደሚያመጣ አውቅ ነበር። ነገር ግን ለቅሶ ላይ ያለ ሰው የሚናገረውን የሚሰሙት አብረውት የተቀመጡት ናቸው፣ እነርሱም ሰምተው ይተዉታል፤ ዩቲዩብ ግን አይተውም። የእርስዎ እምነት ሌላ የጊዜ ልክ ካለው እርሱን ይከተሉ። ፍቺም፣ ሕመምም፣ ከሥራ መባረርም የየራሳቸው አርባ ቀን ያስፈልጋቸዋል።

ልጆቼን ላሳይ?

እኔ የልጆቼን ፊት አላሳይም። የሚያሳዩ ወላጆችን ሁሉ ግን ክፉ ናቸው አልልም፤ አያት ሚነሶታ፣ የልጅ ልጅ ሐዋሳ በሆነበት ዘመን ቪዲዮ ናፍቆት ማስታገሻ ነው። ሆኖም ለአያት የሚላክ ቪዲዮ በቴሌግራም ለአያት መላክ ይቻላል። ጥያቄው የሚነሣው ልጁ የቻናሉ የገቢ ምንጭ ሲሆን ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሌሎች አገሮች ሕግ ማውጣት ጀምረዋል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በቪዲዮ መድረኮች ላይ ለገቢ ሲቀረጹ የሚገኘው ገንዘብ በከፊል እስኪያድጉ ድረስ ተቀምጦ እንዲቆይላቸው አድርጋለች፤ ልጁ ራሱም ያለ ወላጅ ፈቃድ ቪዲዮው እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ከ16 ዓመት በታች የሆነና በቤተሰቡ ቪዲዮዎች ላይ በብዛት የሚታይ ልጅ ካለ ወላጆቹ የድርሻውን ገንዘብ እንዲያስቀምጡለት ይገደዳሉ፤ ካልተቀመጠለት 18 ዓመት ሲሞላው ወላጆቹን መክሰስ ይችላል። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ተመሳሳይ ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። በእነዚህ ግዛቶች የምትኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች በአማርኛ ስለምትሠሩ ብቻ ከሕጉ ውጭ እንደማትሆኑ እወቁ። በኢትዮጵያ በቀጥታ ስለ ልጆች ቪዲዮ የተጻፈ እንዲህ ያለ ዝርዝር ባይኖርም፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁ፣ ትምህርታቸውንና ጤናቸውን የሚጎዳ ሥራም እንዳይሠሩ ይደነግጋል። የትምህርት ቤት ልጅ እንቅልፉ እየተቋረጠ «አንዴ ድገመው፣ ሳቅህ አልወጣም» ሲባል፣ ያ ሥራ ነው።

ከገንዘቡ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሕፃን ሲገሠጽ፣ ሲያለቅስ፣ አልጋ ላይ ሲሸና፣ በፈተና ሲወድቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ለእኛ ቀልድ ነው፤ ልጁ ግን 14 ዓመት ሲሞላው ያንኑ ቪዲዮ የክፍል ጓደኞቹ ያገኙታል። የእርሱ ገመና ነው፤ እኛ የያዝነው በአደራ ነው። ለመልቀቅ ካሰቡ ልጅዎ በዚያ ዕድሜው ቢያየው ምን እንደሚሰማው ይገምቱ፣ መናገር የሚችል ከሆነ ደግሞ ይጠይቁት፤ «አይሆንም» ሲል «አይሆንም» ማለቱ መሆኑን ይቀበሉት።

የእናቴን፣ የቤት ሠራተኛዬን ወይም የጎረቤቴን ምስል ባሳይ ችግር አለው?

የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ ለምሳሌ ሰውየው በሕዝብ የታወቀ ወይም የመንግሥት ኃላፊ ሲሆን፣ ወይም ምስሉ በአደባባይ ከተከናወነ ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ሲሆን ፈቃድ ላያስፈልግ ይችላል። አንቀጽ 29 ደግሞ ብዙ ዩቲዩበሮች የማያውቁት ነው፤ ምስሉ ያለ ፈቃዱ የታየበት ሰው እንዲቆምለት መጠየቅ ይችላል፣ ፍርድ ቤትም አቅራቢው ከዚያ ምስል ያገኘውን ጥቅም ያህል ካሳ ሊወስንለት ይችላል። ይህ ሕግ ከስልክ ካሜራ በፊት የተጻፈ ቢሆንም ለዛሬ የተጻፈ ነው የሚመስለው።

ከሕጉ ባሻገር ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። የቤት ሠራተኛዎን «ልቅረጽሽ?» ቢሏት «እሺ» ትላለች፤ ደመወዟ ከእርስዎ እጅ ነውና። እናትዎም «እሺ» ይላሉ፤ ልጃቸውን ላለማሳዘን ነው። ስለዚህ መጠየቅ ብቻውን በቂ አይሆንም። የተቀረጸውን አሳይተው፣ ቀን ሰጥተው፣ ያለ እርስዎ መኖር አስበው እንዲመልሱ ያድርጉ።

ይህን የተማርሁት ሰው ጎድቼ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በተከራየሁበት ግቢ ቡና ስቆላ ቀርጬ ለቀቅሁ። ቡናው ሲንጣጣ፣ ጭሱ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ሲወጣ፣ በጣም ወድጄው ነበር። ከኋላ ግን ጎረቤቴ ከአከራያችን ጋር ስትከራከር፣ የስንት ወር ኪራይ እንዳለባት ጭምር ይሰማል። ኤዲት ያደረግሁት በስልኬ ድምፅ ማጉያ ስለነበር አልሰማሁትም፤ ተመልካቾች ሰምተውት አንዱ ደቂቃውን ጠቅሶ ኮመንት ጽፏል። ማታ ነጠላዋን እንደ ደረበች ደጃፌ ላይ ቆመችና «አንቺ የቀረጽሽው ቡናሽን ነው፤ ድምፁ ግን የኔ ነው» ብላኝ ተመለሰች። ቪዲዮውን በዚያው ሰዓት አነሣሁት፤ በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ሰላም እንላለን እንጂ እንደ ድሮው ቡና አንጠራራም። ከዚያ ወዲህ አንድም ቪዲዮ በጆሮ ማዳመጫ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳልሰማ አልለቅም።

ችግረኛ ሰው ስረዳ ካልቀረጽሁ ገንዘቡን የላኩት ሰዎች እንዴት ያምኑኛል?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከውጭ አገር ገንዘብ አሰባስቦ የላከ ሰው የት እንደ ደረሰ የማወቅ መብት አለው። ነገር ግን ማስረጃ የሚሆነው የሰው እንባ ነው ያለው ማን ነው? የባንክ ደረሰኝ፣ የሆስፒታል ክፍያ ወረቀት ስሙ ተሸፍኖ፣ የተቀየረው የቤት ቆርቆሮ፣ የተገዛው የልብስ ስፌት መኪና ሁሉም ማስረጃ ነው። ሰውየው መታየት ካለበት ከጀርባው መቅረጽና ስሙን መቀየር ይቻላል፤ ስሙ መቀየሩን ለተመልካች ከነገሩ ደግሞ እውነተኛነትዎ አይጎድልም።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ገንዘቡን ካሜራው ሳይበራ ይስጡ፣ ከእጁ ከገባ በኋላ ፈቃድ ይጠይቁ። ልጁ የታመመበት ሰው ብሩ በእርስዎ ኪስ እያለ «ልቅረጽህ?» ሲባል «አይሆንም» ሊል አይችልም፤ ብሩ በእጁ ከሆነ በኋላ ግን ሊል ይችላል። በዚህ ቅደም ተከተል ሲሠሩ «አይሆንም» የሚሉ ሰዎች ቁጥር ያስደነግጥዎታል፤ እነዚያ ሁሉ በሌላው መንገድ ቢሆን ሳይወዱ የሚቀረጹ ነበሩ።

በዓረብ አገር በሰው ቤት ነው የምሠራው። ላይቭ ብገባ ምን ይመጣብኛል?

እህቴ፣ እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልግሻል። ያለሽበት ቤት የአሠሪዎችሽ ገመና ነው፤ ሳሎኑም፣ ወጥ ቤቱም፣ ልጆቹም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ ሰውን ያለ ፈቃዱ መቅረጽና ማሰራጨት ቢያንስ በ6 ወር እስራት፣ ወይም ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጮ፣ ወይም በሁለቱም ያስቀጣል። በሳዑዲ ዓረቢያም የስልክ ካሜራን ተጠቅሞ የሰውን የግል ሕይወት መንካት እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል መቀጮ ሊያስከትል ይችላል። ይህ የዓመታት ደመወዝሽ ነው። መናገር ከፈለግሽ በራስሽ ክፍል፣ ባዶ ግድግዳ ተደግፈሽ፣ የማንም ድምፅ በማይገባበት ሰዓት ተናገሪ፤ ላይቭ ከመግባት ደግሞ ቀርጸሽ፣ ሰምተሽ፣ ቆርጠሽ መልቀቅ ይሻላል። በደል ከደረሰብሽ ግን የቀረጽሽውን በአደባባይ ከመልቀቅሽ በፊት ለምታምኚው ሰው ልከሽ አስቀምጪውና ቆንስላውን አነጋግሪ።

ስፖንሰር ስለተከፈለኝ ዕቃ ስናገር መግለጽ አለብኝ?

አዎ፣ በመጀመሪያው ደቂቃ፣ በግልጽ አማርኛ፦ «ለዚህ ቪዲዮ የከፈለው ድርጅቱ ነው።» በአሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑም ይህን ይጠይቃል። የዕቃውን ዋጋ ከፍላ የምትገዛው ተመልካች ምክሩ የተከፈለበት መሆኑን ማወቅ አለባት። ለተቀነባበረ «ፕራንክ»ም መልሱ ያው ነው።

አድራሻዬ እንዳይታወቅ ምን ላድርግ?

አብዛኛው ሰው አድራሻውን የሚናገረው በአፉ ሳይሆን በበስተጀርባው ነው። በመስኮት የሚታየው የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ወይም የመስጊድ ሚናራ፣ የኮንዶሚኒየሙ የብሎክ ቁጥር፣ የልጁ ዩኒፎርም ቀለምና አርማ፣ የመኪና ታርጋ፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ፓስፖርት ወይም የፋይዳ ካርድ፣ የባንክ መልእክት የሚታይበት የስልክ ስክሪን ሁሉም ይናገራሉ። ቪዲዮውን ከመልቀቅዎ በፊት ድምፁን አጥፍተው፣ ራስዎን ሳያዩ በስተጀርባውን ብቻ አንድ ጊዜ ይመልከቱ። የጉዞ ቪዲዮ ከቦታው ከተመለሱ በኋላ ይለቀቅ። ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፋይል ሲላክ የተነሣበት ቦታ መረጃ አብሮ ሊሄድ ስለሚችል፣ የስልክዎን ካሜራ የቦታ መመዝገቢያ ያጥፉት።

አንዴ የለቀቅሁትን መመለስ እችላለሁ?

የራስዎን ቪዲዮ ማጥፋት ይችላሉ፤ ሌሎች አውርደው በቲክቶክና በቴሌግራም የበተኑትን ግን ሙሉ በሙሉ መሰብሰብ አይቻልም። የእርስዎ ምስል በሌላ ሰው ቻናል ላይ ያለ ፈቃድዎ ከወጣ፣ ዩቲዩብ የግል ሕይወት አቤቱታ የሚቀርብበት ቅጽ አለው፤ አቤቱታው ሲቀርብ ለቪዲዮው ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ 48 ሰዓት ተሰጥቶት ራሱ እንዲያስተካክል ዕድል ያገኛል፣ ካላስተካከለ ድርጅቱ ያየዋል። በኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሌላ ሰው ከእርስዎ ቻናል ላይ «አንሺልኝ» ካለዎት ግን ሕግ እስኪያስገድድዎ አይጠብቁ። ስንት ቪው እንዳለውም አያስሉ።

«ባልሽ የት ሄደ?» እያሉ ኮመንት ላይ ሲያጨናንቁኝ ምን ልመልስ?

አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአጭሩና በአክብሮት ይመልሱ፦ «ስለ ትዳሬ በዚህ ቻናል አልናገርም፤ ስላሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ።» ይህን ጽፈው ከኮመንቶቹ አናት ላይ ይስቀሉት። «ሥራ ላይ ነው»፣ «አገር ቤት ሄዷል» የመሰለ የማምለጫ ውሸት አይናገሩ፤ እርሱን ለመጠበቅ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ውሸት ይጠይቅዎታል፣ በኋላ ሲገለጥም እውነት የተናገሩበት ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ተመሳሳይ ጥያቄ አይመልሱ፤ የሚሳደበውን ያግዱት። ከልብ ተጨንቀው የጠየቁትን ለይተው ማየት ከቻሉ ግን፣ «ደኅና ነኝ» የምትል አንዲት ቃል ይጻፉላቸው፤ ደኅና ከሆኑ።